ቀለሙ ያልደረቀ ቤት

ሰው ደጅ ቆሞ የገዛ ድምፁ ከገዛ ቤቱ ውስጥ ሲያወራ ቢሰማ ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን የያዝኩትን ጥዬ እግሬ አውጪኝ እል ነበር። ወፌን ግን እግሯ ከዳት። በአንድ እጇ የካሮትና የድንች ፌስታል፣ በሌላው ቁልፍ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኩለ ቀን ነው። አንዷ ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች፣ ሌላው መኪናውን ያጥባል፣ የሚያስፈራ ነገር በአካባቢው የለም። ከውስጥ ግን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እሷ ራሷ ትስቃለች።

«ማነው? ዛሬ ዝግ ነው ብያለሁ እኮ! አትንኪ፣ ቀለሙ አልደረቀም!»

«አልነካሁም የኔ ልጅ» ብላ እናቷ ትመልሳለች። «አንቺ ብቻ ከዚያ ቤት ውጪልኝ።»

ወፌ ድምፅዋን ካጣች ወራት አልፈዋል። ልጩህ ብትል እንኳ የምትጮህበት ነገር አልነበራትም።

ይሄን ነገር ከሥሩ ካልጀመርኩት አትሰሙኝም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምረው።

ወፌ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው፤ ሰፈሩም ተቀብሎት ቀረ። ሥራዋ ድምፅዋ ነበር። ፊቷን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ድምፅዋን የማያውቅ ግን የለም። ባንክ ቤት ተቀምጣችሁ ስታዛጉ «ባለ ተራ ወደ መስኮት ይቅረቡ» የምትለው እሷ ናት። ሊፍት ውስጥ «በሩ እየተዘጋ ነው» የምትለውም እሷ ናት። ቸኩላችሁ ስትደውሉ «የደወሉላቸው ሰው አሁን አይገኙም» እያለች አንጀት የምታሳርረውም እሷው ናት፤ በዚህች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ስንት ሰው እንደረገማት እግዜር ይወቀው። እሷ እቴ! አውቶቡስ ላይ ሆና ራሷን ስትሰማ በመስኮት እያየች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ንባቡን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቲቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጨርቅ ስትቆርጥም ሰው ስትቆጣም እጇና አፏ አይመለሱም ብሎ ሰፈሩ «እትዬ መቀስ» ይላታል። ልጅቷ ከስፌት መኪናው ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጥና የተገኘውን ሁሉ ታነባለች፤ አሮጌ ጋዜጣ ቢሆን፣ የመድኃኒት ወረቀት ቢሆን። የእናት ዓይን ስፌቱ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ልጇ ላይ። ልጅቷ ስትደናቀፍ፣ ቃል ስትውጥ ወይም ለመገላገል ስትሮጥ እናት ቀና አትልም። በመቀሷ እጀታ የመኪናውን ጠረጴዛ ሁለቴ ትመታዋለች። ኳ ኳ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አሁን ያልሽው አይቆጠርም፣ ድገሚው። ልጅቷ ትደግማለች። ሲስተካከል እናት «አሁን ልክ ነው» ትልና መኪናዋን ትነዳለች። ከዚህ ሌላ ሙገሳ ከእትዬ መቀስ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ወፌ ይቺን አመል ይዛ ነው ስቱዲዮ የገባችው። ስትሳሳት ይቅርታ አትልም፣ በጥፍሯ የወረቀት ማስቀመጫውን ኳ ኳ ታደርግና ትደግመዋለች። ለሚቀርጻት ሰውዬ ይሄ ትልቅ እረፍት ሆነለት። ሁለቱን ምት ይፈልጋል፣ ከምቱ በፊት ያለውን ቆርጦ ይጥላል፣ ከምቱ በኋላ ያለውን ይወስዳል፤ አለቀ። ይሄን ሰውዬ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፣ ማዳመጫ ከራሱ ላይ ስለማይወርድ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እንደዚያ እንደሚሉት እሱ ብቻ አያውቅም።

አንድ ቀን ጆሮ የስልክ ጨዋታ ሥራ ይዞ መጣ።

«ተኩስ ነው?» አለችው ወፌ።

«ተኩስ የለበትም። ተጫዋቹ አንድ ቤት ይገባል፤ ቤቱ ግን ገና ተሠርቶ አላለቀም። አንቺ ዘበኛዋ ነሽ። ስልኩን የያዘውን ሰው በቀጥታ፣ ምን አስቸኮለህ፣ ሂድልኝ እያልሽ ታባርሪያለሽ። እሱም አልሄድም እያለ በሮችሽን አንድ በአንድ ይከፍታል።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? ሥራ ነው እንጂ» አለችና ተቀበለችው።

ጨዋታው ግን የዋዛ አልነበረም። ሁሉም እንቆቅልሽ የሚፈታው ከስልኩ ውጭ ነው። ቁልፍ መደርደሪያ ላይ ተቀርቅሮ ቢቀር፣ ስልኩን ዘቅዝቆ ማራገፍ ነው። ቀለሙ እንዲደርቅ የስልኩ መስታወት ላይ እፍ ማለት ነው። ዘበኛዋን አስተኝቶ ሾልኮ ለማለፍ መስታወቱን በመዳፍ ሸፍኖ ማጨለም ነው። ወፌ ለሁሉም ስታነብ ዋለች፣ ቁጣውንም ሳቁንም። ተጫዋቹ ዝም ሲል በራሷ ጊዜ የምትመጣ ዓረፍተ ነገርም፣ ለወንድም ለሴትም አድርጋ፣ አነበበች፦ «ዝም አልሽ። አለሽ? ስትተነፍሺ ይሰማኛል።» ይቺን ስታነብ ሳቋ መጥቶባት ብዙ ጊዜ ደገመቻት።

ሲመሽባት ደከማት። ማይኩ ክፍት እንደሆነ «ኧረ ውሃ ስጡኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለች። ቀጥላ ደግሞ «በቃኝ፣ እማዬ ብቻዋን ናት፣ ልሂድ። ክፈቱልኝ!» አለች፣ የስቱዲዮው በር ከውጭ ነውና የሚከፈተው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ለመመለስ ኳ ኳ አደረገች። የጨዋታው ባለቤቶች ይሄን ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። ከጻፍነው ይልቅ ይሄ ይሻላል፣ ምርር ያላት ዘበኛ ናት፣ አትቁረጡት አሉ። ኳ ኳውም በር የምታንኳኳ ስለሚመስል እንዳለ ይቅር ተባለ። ወፌን አስፈቅደዋታል፤ ስቃ ነው የፈቀደችው።

ጉሮሮዬ ደረቀ ያለችው ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ቆይቶ ሐኪሞች ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ አግኝተው ቁርጡን ነገሯት፤ ወይ ድምፅሽ ወይ ነፍስሽ። ነፍሷን መረጠች። ለማን ብላ? ለእናቷ ብላ! የእትዬ መቀስ ዓይን ቀስ በቀስ ደብዝዞ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከልጇ ሌላ ሰው የላትም። ወፌ እንግዲህ ልንገራት ልንገራት ስትል የእናቷን ቁጣ ፈርታ ሳትነግራት ቀረች። «ጉሮሮዬን ሊያዩልኝ ነው፣ መጣሁ» ብላ ወጣች። በዚያ ድምፅ ለእናቷ የተናገረችው የመጨረሻ ነገር ውሸት ሆነ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ገባች። አንገቷ ሥር ትንፋሿ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፣ ላዩ ላይ ስስ ሻሽ። «በሩ እየተዘጋ ነው» አለቻት ራሷ ከላይ። ተዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንትም ፎቅ ቢሆን፣ በደረጃ ነው የምትወጣው።

ቤት ስትደርስ እናቷ የበሩን ድምፅ ሰምታ «ወፌ?» አለች። መልስ የለም። «ወፌ፣ አንቺ ነሽ?» አሁንም የለም። ወፌ ሮጣ እጇን ያዘቻት። እናት እጇን ሰደደችና ፊቷን ዳበሰች፤ የልጇ ጉንጭ ሙሉ ነው፣ ይሄ አጥንት ብቻ ነው። በእጇ ወደ ታች ወረደች። አንገቷ ላይ ስትደርስ ከሻሹ ሥር ነፋስ ጣቷን መታት።

እጇን እሳት እንደነካው ሰው መለሰችው። «ማናት ይቺ? ኧረ ጎረቤት! በአንገቷ የምትተነፍስ ሰው ቤቴ ገብታለች!»

ወፌ ሆስፒታል ሳለች እናትየዋን የምታያት ባለ ሱቋ ጎረቤታቸው ነበረች፤ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ እሷው ናት እኮ! ልጅዎ ናት! ድምፅዋን ወስደውባት ነው እንጂ።»

«ወሰዱት? የት ነው የወሰዱት?» አለች እትዬ መቀስ። «አውቄአለሁ። ልጄ ሞታለች። መርዶ ደብቃችሁ፣ እንዳታለቅስ ብላችሁ ዱዳ ቀጠራችሁልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍራል። በገዛ ቤቷ ወፌ «ዱዳዋ» ሆነች። ጽፋ እንዳታሳያት ዓይን የለም፣ እንዳትነግራት ድምፅ የለም። ልታቅፋት ስትቀርብ እናት ያንን የአንገት ትንፋሽ ሰምታ ግድግዳ ትጠጋለች። ወፌ የምታበስለውን እናት ትቀምስና ትገፋዋለች፤ ከባለ ሱቋ እጅ ትንሽ ትጎርሳለች፣ ያም እያደር ቀነሰ። ባለ ሱቋ ወፌን ከደጅ ጠርታ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የሷ ችግር ዓይኗ አይደለም» አለቻት። «እንዲህ ከቀጠለች ግን እንዳትቀድምሽ እፈራለሁ።» ወፌም የምትፈራው እሱን ነበር። ለእናቷ ብላ የሰጠችው ድምፅ እናቷን ሊገድልባት ነው።

በዚህ መሀል ጆሮ ሊጠይቃት መጣ። የሰው ነገር ብዙም አይገባውምና፣ ያንን ጨዋታ ስልኳ ላይ ጫነላትና «ድምፅሽ እዚህ አለልሽ» አላት። ለደግ ብሎ ነው። ሲከፈት «ሴት ነሽ?» የሚለውን ነክቶት ስለነበር ዘበኛዋ አንቺ እያለች ነው የምታወራው። ወፌ ልትሰማው አልደፈረችም። እንደተከፈተ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው፣ ጆሮን ሸኘች፣ በዚያው አትክልት ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጉድ የጠበቃት።

በሩን ከፍታ ገባች። እናቷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋዋለች። ፊቷ በርቷል፤ ወፌ ይሄን ፊት ካየችው ቆየች። ሁለቱም ዝም አሉ። ስልኩ ትንሽ ጠበቀና፦

«ዝም አልሽ። አለሽ? ስትተነፍሺ ይሰማኛል።»

የተቀረጸ ነገር ነው፤ ወፌ ራሷ ናት ስቃ ያነበበችው። ታውቃለች። ብታውቅም ትንፋሿን ያዘች፣ እጇ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ።

«ሰማሽ፣ ዱዳዋ?» አለች እናት በሹክሹክታ። «ልጄ አልሞተችም። እዚህ ቤት ውስጥ ዘግተውባታል። እማዬ ብቻዋን ናት፣ ክፈቱልኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነይ፣ ዓይን አለሽ፤ እጅ ሁኚኝና እናውጣት።»

ወፌ ምን ታድርግ? ተቀመጠች። እናትና ልጅ አንድ በርጩማና አንድ ወንበር አጠጋግተው፣ ልጅቷን ከስልክ ውስጥ ለማውጣት መሥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይን የሌላት ታዳምጣለች፣ ድምፅ የሌላት ትነካለች። ዘበኛዋ ቀለሙ አልደረቀም ስትል እናት «እፍ በይበት!» ትላለች። ወፌ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ሞከረች፤ ትንፋሿ በአንገቷ ወጥቶ ቀረ፣ መስታወቱ ላይ ምንም አልደረሰም። እናት ተናደደችና ነጥቃ እሷ እፍ አለችበት። ቁልፍ ሲወድቅ በጆሮዋ ለየችው። ዘበኛዋ ስትቆጣ «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ናት፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ትላታለች፣ ዘበኛዋም በዚያው ቅጽበት ትስቃለች። የተቀዳ ሳቅ ነው፤ የሚመጣበት ሰዓት ግን አንዳንዴ እንዲህ ይገጥምና ወፌን ብርድ ብርድ ይላታል።

ቀናት እንዲህ ሄዱ። አንድ ነገር ግን እየከፋ መጣ። «እሷ ሳትወጣ እህል በአፌ አይገባም» ብላ እናት ጭራሽ መብሉን ተወችው። ውሃ ብቻ ሆነ። ወፌ ደግሞ መጨረሻውን ታውቃለች። መጨረሻው ላይ ከዚያ ቤት የሚወጣ ማንም የለም። ዘበኛዋ ለተጫዋቹ «እኔ ከዚህ የምወጣው ስልኩን ስታጠፊው ነው» ትላለች፣ ሲጠፋ ጨዋታው ያልቃል፤ ሌላ የተነበበ ነገር የለም። እናቷ ይሄን ሞት ብላ ነው የምትወስደው። እናም ወፌ ሆን ብላ ማበላሸት ጀመረች፣ የተሳሳተ በር መንካት፣ ቁልፍ መጣል። እትዬ መቀስን ማን ያታልላል! «ዱዳዋ፣ እጅሽ ተሳሳተ ወይስ ልብሽ?» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ የሾርባው ድስት ምድጃ ላይ። ካንዱ በር ጀርባ ዘበኛዋ በድካም «በቃኝ፣ እማዬ ብቻዋን ናት፣ ልሂድ። ክፈቱልኝ!» አለች። ቀጥሎ ከስልኩ ውስጥ ኳ ኳ ተሰማ።

የእናት ቀኝ እጅ ከጭኗ ተነሳ። ድሮ መቀሷ በገመድ ወደሚንጠለጠልበት ወገቧ ሄደ፣ ባዶውን ዳበሰ። «ድገሚው» አለች። ለዘበኛዋ አልነበረም፣ ለወፌም አልነበረም፤ ከስንት ዓመት በፊት የተቀመጠ ቃል ነው ራሱ ያመለጠው። ምን እንዳለች የሰማችም አይመስልም።

ወፌ ግን ሰምታዋለች። ስንት ወር ሙሉ እናቷን በምን ላናግራት ስትል መላ ቅጡ ጠፍቶባት፣ መላው እዚያው በገዛ ጥፍሯ ላይ ነበር።

ሳታስብበት ጣቷ ነክቶት የመጨረሻው በር ተከፈተ። ዘበኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤቱ አለቀ። እኔ ከዚህ የምወጣው ስልኩን ስታጠፊው ነው። አጥፊው» አለች።

«ምን?» አለች እናት። ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨመቀችው። «አላጠፋም! ባጠፋት ትሞትብኛለች! ዱዳዋ፣ እንዳትነኪው!» ክንዷ ከስቶ እጅጌው ውስጥ ይዋኛል።

«ዝም አልሽ» አለ ስልኩ ከደረቷ ውስጥ። «አለሽ? ስትተነፍሺ ይሰማኛል።»

ወፌ ተነስታ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር መቀሱን አወረደችው። ዝጓል፣ እጀታው ግን ያው ነው። በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ እናቷ ትመታበት የነበረው ቦታ ላይ፣ እንጨቱ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እዚያው ላይ መታችው።

ኳ ኳ።

እናት ጆሮዋን ቀሰረች። ራሷን ወደ ጠረጴዛው አዘነበለች።

«አለሽ? ስትተነፍሺ ይሰማኛል» አለች ዘበኛዋ።

ኳ ኳ።

«ምኑ ነው የተሳሳተው?» አለች እናት። ድምፅዋ እንደ መቆጣትም እንደ መፍራትም ይላል። «ልጄ ናት። የልጄ ድምፅ ነው። ምኑ ነው የማይቆጠረው?»

ዘበኛዋ አሁንም አጥፊው አለች። ወፌ አሁንም ኳ ኳ አደረገች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ይህን ምት በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ አድርጎ የሚመታ ከራሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ቀስ እያለ ሲገባት፣ በእናቷ ፊት ላይ ይታይ ነበር።

«ድገሚው እንግዲህ» አለች እትዬ መቀስ።

በምን ትድገመው? ወፌ መቀሱን አስቀምጣ ተንበረከከች። የእናቷን እጅ ከስልኩ ላይ አላቀቀችና ጣቶቿን የገዛ ከንፈሯ ላይ አደረገቻቸው። አፏን ትንሽ ከፈተች፣ ከንፈሯን ገጠመች፣ መልሳ ከፈተች፣ ወደ ጎን ለጠጠችው። ድምፅ የለም። እማዬ። ከሻሹ ሥር የሚወጣው ትንፋሽ የእናትን አንጓ ሞቅ አደረገው። እጁ ሊሸሽ አለና ተወው።

«ድገሚው» አለች እናት፣ በጣም ቀስ ብላ።

እማዬ።

የእናት ጣቶች ከንፈሩን ለቀው ጉንጩን ያዙ፣ ያንኑ አጥንት የሆነውን ጉንጭ፤ ከዚያ ወርደው ሻሹ ላይ አረፉና እዚያው ቆዩ። ወፌ በአንገቷ ተነፈሰች። እናት አልሸሸችም።

«አሁን ልክ ነው» አለች።

ሁለቱም አለቀሱ፣ አንዷ በድምፅ፣ አንዷ ያለ ድምፅ። ስልኩ የእናት ጭን ላይ ወድቆ ነበርና፣ መካከላቸው ገብቶ «ዝም አልሽ። አለሽ?» ማለት ጀመረ።

እትዬ መቀስ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያቺን ለፍላፊ ዝጊያት» አለች። «ሾርባውም እያረረ ነው፤ ይሸታል።»

ወፌ ስልኩን አንስታ በገዛ ጣቷ አጠፋችው። ድምፅዋ «ስትተነፍሺ» ላይ ሲደርስ ተቆረጠ። ከዚያ ሄዳ ሾርባውን አወረደችና፣ ያላረረውን ከላይ ቀድታ ለእናቷ በማንኪያ ማጉረስ ጀመረች።